ምዕራፍ ስድስት፦ መጽሐፉ ሲከደን

እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። በማተሚያ ተባዝቶ የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጁ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነበር፤ ቋንቋውን ያስጠኑት ደግሞ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ገጹን ሲገልጡት የኛው ቃል በኛው ፊደል ተቀምጧል፤ ፍቺው ግን በላቲን ነው። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም በላቲን የተጻፈ ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 ላይፕሲግ ላይ ያወጣው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም እንደዚሁ። የግእዝን ቃል ከሥሩ ልመርምር ብሎ የተነሣ ሰው ዲልማን ደጅ ሲደርስ ላቲን የማያውቅ ከሆነ ደጅ እንደጠና ይቀራል።

አንድ ሰው እናስብ። ዕድሜው አርባ ሁለት፣ ሥራው ሒሳብ፣ ልጅነቱን በዲቁና ያሳለፈ። ዲልማንን ማንበብ አምሮታልና ላቲን ሊማር ቆርጧል። ቀን ቢሮ አለ፣ ማታ የልጆች የቤት ሥራ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ለቅሶ አይጠፋም። ለላቲን የሚተርፈው በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያ ግማሽ ሰዓት ነው።

«በዚህ ዕድሜ?» ለሚለው የሚመልሰው አያጣም። ፕሉታርክ እንደተረከው፣ ሮማዊው ሽማግሌ ካቶ የግሪክን ጽሑፎች አጥብቆ ያጠናው በስተርጅናው ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም እጅግ ከታወቁት የላቲን መማሪያዎች አንዱ፣ የፍሬድሪክ ዊሎክ መጽሐፍ፣ በ1956 ከመታተሙ በፊት መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው ብሩክሊን ኮሌጅ ለገቡ ወታደሮች የተዘጋጀ ማስተማሪያ ነበር። አዋቂ ሰው ላቲን ሲማር ኖሯል። የሚያሰናክለው ዕድሜው ሳይሆን የአጠናን ልማዱ ነው።

በእጅ ያለ ሀብት

ልማዱን ከማንሣታችን በፊት ሒሳብ ሠራተኛው ሳያውቀው የያዘውን ሀብት እንቁጠር። የላቲን መማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚገኙት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስፈራሩትም እንግሊዝኛ ተናጋሪን በሚያስፈራው ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ያንን ፍርሃት አብሮ መዋስ የለበትም።

ምሳሌ እንይ። «ካኒስ ሆሚኔም ሞርዴት» ማለት «ውሻው ሰውየውን ይነክሳል» ማለት ነው። ቃላቱን አዘዋውረን «ሆሚኔም ካኒስ ሞርዴት» ብንል ትርጉሙ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ በእርሱ ቋንቋ ቃላቱ ቦታ ከተለዋወጡ ነካሹ ሰውየው ይሆናልና። እኛ ግን «ሰውየውን ውሻው ይነክሳል» ስንባል ማን እንደተነከሰ እናውቃለን፤ «ን» ነግራናለች። የላቲኑ «ሆሚኔም» መጨረሻ ላይ ያለው «ኤም» የኛን «ን» ሥራ ነው የሚሠራው። ሰውየው ውሻውን ይነክስ ዘንድ ከተፈለገ «ካኔም ሆሞ ሞርዴት» ይባላል።

ግሱም መጨረሻ ላይ መምጣት ይወዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ግሱን ፈልግ» ተብሎ ይመከራል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንደ እንቆቅልሽ ከመሐል እየበታተነ ይፈታል። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ መጠበቅ ለኛ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በጸሐፊው ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል። ግሱም እንደኛው ባለቤቱን በውስጡ ይዟል፤ «አሞ» ብቻውን «እወዳለሁ»፣ «አማሙስ» ብቻውን «እንወዳለን» ነው። «ኡርቤ ካፕታ» የሚለውን አነጋገር የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ረጅም ስም ሰጥተው በገጽ ሙሉ ያብራሩታል፤ አማርኛ «ከተማዋ ተይዛ» ብሎ በቦዝ አንቀጽ ይገላገለዋል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ልማድ፣ መማሪያው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማስታወሻን በአማርኛ መያዝ ነው። «ሬጊ» ከሚለው ጎን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ከመደርደር «ለንጉሥ» ብሎ መጻፍ። አንድ ቃል በአንድ ቃል ይፈታል፣ አእምሮም በሁለት ድልድይ ፈንታ በአንድ ይሻገራል።

እንግዳ የሚሆነው ሌላው ነው። አማርኛ ቃሉን ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይይዘዋል፦ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ። ላቲን የሚይዘው ከጅራቱ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ጅራት ብዙ ሥራ ይሠራል። «ሮሳይ» እንደ አገባቡ «የጽጌረዳ»፣ «ለጽጌረዳ» ወይም «ጽጌረዳዎች» ሊሆን ይችላል። ስሞች በአምስት ክፍል ይረባሉ፣ ግሶች በአራት፤ ቅጽሉም ስሙን በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ተከትሎ ይለወጣል። የግማሽ ሰዓቱ ጉልበት መፍሰስ ያለበት እዚህ ጅራት ላይ ነው።

ያወቁ መምሰል

ሒሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሠንጠረዡን በቢጫ ቀለም ያሰምራል። ደግሞ ያነበዋል። በሦስተኛው ቀን ሲያየው ሁሉም የለመደው ፊት ይሆንበታል፤ «ይኼንንስ ይዤዋለሁ» ብሎ ገጹን ይገልጣል። በሁለተኛው ሳምንት ያው ቃል ሌላ ገጽ ላይ ሲመጣበት ስሙ እንደጠፋበት የሰፈር ሰው ያፈጥበታል።

የሆነው ምንድን ነው? ማየትና ማወቅ ተምታተውበታል። አዋቂን ከሕፃን ይልቅ የሚያጠምደው ይህ ነው። ሕፃን «በል» ሲባል ካልወጣለት እንደማያውቅ ወዲያው ይታወቅበታል። አዋቂ ግን ብቻውን፣ በጸጥታ፣ መጽሐፉ ፊቱ እንደተከፈተ ያጠናል፤ የሚያጋልጠው የለም።

ነገሩ በሙከራ ተፈትሿል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ ደጋግሞ አጠና። ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ፣ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት 83 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያጠኑት 40፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ላይ ተገኙ። በደንብ እናስታውሳለን ብለው የበለጠ ተማምነው የነበሩትም ደጋግመው ያጠኑት ነበሩ። የዚያን ቀን ማታ የሚሰማን እርካታ መጥፎ ምስክር ነው።

ስለዚህ የምዕራፉ ቁም ነገር በአንድ ቃል ይጠቀለላል፦ ክደነው። ከዚህ በታች የሚመጡት ልማዶች ሁሉ መጽሐፉን ለመክደን የሚያስገድዱ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ናቸው።

ሠንጠረዡ በባዶ ወረቀት

የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያረባ አይተን እናውቃለን። ከአንድ መሪ ግስ ተነሥቶ ርባታውን በቃሉ ያወርዳል፤ ከዚያ ሌላውን ግስ በዚያው ቅርጽ ያስኬዳል። የላቲን ርባታም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «አሞ፣ አማስ፣ አማት፣ አማሙስ፣ አማቲስ፣ አማንት» ብሎ የያዘ ሰው፣ ማመስገን የሚለውን ግስ «ላውዶ፣ ላውዳስ፣ ላውዳት» እያለ ማስኬድ አያቅተውም። ልጅነቱን በዲቁና ያሳለፈው ሰውዬ ይህን የአፍ ጥናት ጥሎት ቆይቶ ይሆናል እንጂ አልረሳውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሠንጠረዡን አንዴ ጮክ ብሎ ያነብባል። ማታ ባዶ ወረቀት ያወጣና ያስታወሰውን ይጽፋል። የጎደለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል እንጂ ከመጽሐፉ አይሰርቅም። ጨርሶ ሲያበቃ ከፍቶ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ትምህርቱ ያለው ቀዩ ላይ ነው፤ በማግስቱ መነሻው ቀይ የነኩት ቦታዎች ይሆናሉ። ርባታውን ከላይ ወደ ታች ብቻ መውረድም አይበቃም፤ ቅኔ ቤትም ግስን ለአገባብ ነው የሚያጠናው። «ለንጉሥ?» ብሎ ጠይቆ «ሬጊ»፣ «ነገሥታትን?» ብሎ «ሬጌስ» ማለት እስኪችል ድረስ ሠንጠረዡ ገና ዜማ ነው።

ቃላትና ሣጥኑ

የቃላት ብዛት ከሩቅ ያስፈራል፤ ሲቀርቡት ግን የሚደጋገሙት ጥቂት ናቸው። በተለመደ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሺህ ያህሉ በብዛት የሚመጡ ቃላት ከጽሑፉ ወደ ሰባ በመቶ ይሸፍናሉ። በቀን አምስት ቃል የሚይዝ ሰው እነዚህን በሰባት ወር ያዳርሳል፤ አምስቱ እንዳይፈስሱ ካደረገ ማለት ነው።

መፍሰሱን አስቀድሞ የለካው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ራሱን እየፈተነ፣ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ከያዘው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠፋል፤ የተረፈው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ለኛ የበለጠ የሚጠቅመን ሌላው ግኝቱ ነው። በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደግሞ የያዘውን ያህል፣ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ሲያከፋፍለው በ38 ጊዜ ብቻ አገኘው። እሑድ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ከሚያጠና ይልቅ በየቀኑ ሩብ ሰዓት የሚያጠና የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ወደ ቤት ዕቃ የለወጠው ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሴባስትያን ላይትነር ነው፤ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ። አንድ ሣጥን በካርቶን ለአምስት ይከፈላል። በካርዱ አንድ ፊት ላቲኑ፣ በጀርባው አማርኛው ይጻፋል። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ገብቶ በየቀኑ ይጠየቃል። ሲመለስ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እዚያም በየሁለት ሦስት ቀኑ ይጠየቃል፤ እያለፈ ሲሄድ ጊዜው ይራዘማል። የተሳሳተ ካርድ የትም ቢደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዛሬ ይህንኑ የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ አንዱን መርጦ መያዝ ነው።

ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? «ሬክስ፦ ንጉሥ» ብቻ ከተባለ ነገ «ሬጊስ»ን ያየ ሰው ዘመዱን አይለየውም። «መንገድ» ማለት የሆነው «ኢቴር» ባለቤትነትን ሲያሳይ «ኢቲኔሪስ» ይሆናል። ስለዚህ ስም ሁልጊዜ ከሁለተኛ ቅርጹና ከጾታው ጋር ይያዝ፦ «ሬክስ፣ ሬጊስ፣ ተባዕት»። ግስም ከአራት መሪ ቅርጾቹ ጋር፤ «መሸከም» የሚለው «ፌሮ፣ ፌሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም» እያለ መልኩን የሚለዋውጥ ነው። ዛሬ ካርዱ ላይ የተቆጠበች አንዲት ቃል ከወር በኋላ ወለዷ ብዙ ነው፤ ይህን ለሒሳብ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ደግሞም ሁሉም ቃል እንግዳ አይደለም። የሬዲዮ ዜናችን በላቲን የተሞላ ነው። «ቪዲዮ» ማለት «አያለሁ» ነው፤ «ኦዲት» «ይሰማል»፤ «ዴፊሲት» «ይጎድላል»፤ «አጀንዳ» «ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች»፤ «ቪዛ» «የታየ» ወይም «የታዩ» ከሚለው የመጣ፤ «ቦነስ» «ደግ፣ ጥሩ»። «ሚኒስትር»ም በመነሻው «አገልጋይ» ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ኦዲት ሲመጣበት ኖሮ፣ ግሱ በነጠላ ሦስተኛ መደብ እንደሆነ የሚገባው አሁን ነው። አንዴ ከገባው በኋላ ያችን የ«ት» ጅራት አይረሳትም።

ከአቅም በታች፣ በብዛት፣ በድምፅ

ብዙ አዋቂ ሰዋስዉን ጨርሶ ሳያበቃ የሮማዊውን የቄሳርን ጽሑፍ ይከፍትና በየቃሉ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ያመሻል። በሰዓት አምስት መስመር የሚሄድ ሰው ላቲን ሳይሆን መዝገበ ቃላት እያነበበ ነው።

ዴንማርካዊው ሃንስ ኧርበርግ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያዘጋጀው መማሪያ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በላቲን ብቻ የተጻፈ ሲሆን፣ 35 ምዕራፎች ባሉት የመጀመሪያ ክፍሉ የአንድ ሮማዊ ቤተሰብን ኑሮ ይተርካል። አዲሱ ቃል ከሥዕሉ ወይም ከዐውዱ እንዲገባ ሆኖ ይደጋገማል። ተማሪው ሳይተረጉም መረዳትን ይለምዳል። የዊሎክ ዓይነቱ ደግሞ ሕጉን በግልጽ ያስቀምጣል፤ 40 ምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ርእስ ይዘው ይሄዳሉ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ለዓመታት አከራክሯል። በግማሽ ሰዓት ለሚኖረው ሰው ግን አንዱ ለታሪኩ፣ አንዱ ለሕጉ ቢሆን ይጠቅማል፤ አምስት መጽሐፍ ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ ነው የሚጎዳው።

ያለፈውን ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ እንደ ስንፍና አይቆጠር። መጀመሪያ ያደከመ ገጽ በሦስተኛው ጊዜ ሲሮጥ፣ ጅራቶቹ ሳይቆጠሩ መሰማት ይጀምራሉ። ይህ ከቢጫ ማሰመር የሚለየው አንድ ነገር ከታከለበት ነው፦ ገጹ ሲያልቅ መጽሐፉን ክድን አድርጎ ምን ሆነ፣ ማን ምን አለ ብሎ በአጭር ላቲን ለራስ መተረክ። «ፑኤር ፕሎራት»፣ «ልጁ ያለቅሳል»፣ ይበቃል። ነገ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

ንባቡ በድምፅ ይሁን። በላቲን «ሊበር» «ኢ»ው አጥሮ ሲነበብ «መጽሐፍ»፣ ረዝሞ ሲነበብ «ነፃ» ነው፤ በተለመደው ጽሕፈት ግን ልዩነቱ አይታይም። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፤ «ገና»ን በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» ይሁን የምንለየው ጠብቆ ወይም ላልቶ በመነበቡ ነው፣ ፊደሉ ግን ያው ነው። ጥሩ መማሪያዎች የሚረዝመው አናባቢ ላይ መስመር ያደርጋሉ፤ ያንን ከመጀመሪያው ቀን በአፍ መያዝ በኋላ ከመቃናት ይቀላል። አነባበቡንም መምረጥ ነው። የአንዱ ሮማዊ ደራሲ ስም በጥንታዊው «ኪኬሮ»፣ በቤተ ክርስቲያኑ «ቺቼሮ» ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ማለት ግን ጆሮን ያደናግራል።

ሒሳብ ማስታረቅ

በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሮጀር አስካም፣ የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ መምህር የነበረው፣ ከሞቱ በኋላ በ1570 በታተመ መጽሐፉ አንድ ዘዴ መክሯል። ተማሪው ከኪኬሮ ደብዳቤ ጥቂት ወስዶ ወደ ራሱ ቋንቋ ይተረጉማል። መጽሐፉን ያስቀምጣል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የራሱን ትርጉም ብቻ ይዞ ወደ ላቲን ይመልሰዋል። በመጨረሻ ሁለቱን ላቲኖች ጎን ለጎን ያስተያያል።

ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ከማስታረቅ አይለይም። ልዩነቱ የት ነው? ቃሉ ነው ወይስ ጅራቱ? ሙያውን ነው የሳትኩት ወይስ ጊዜውን? አንድ ሰው ለብቻው ሲማር የሚያጣው ትልቁ ነገር አራሚ ነው፤ እዚህ ላይ አራሚው የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ይሆናል፣ ክፍያም አይጠይቅም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከመማሪያው ታሪክ ተወስዶ ወደ አማርኛ ይገባል፣ መጽሐፉ ይከደናል፣ በማግስቱ ማታ ይመለሳል። አንድ ሌሊት ካለፈበት ፈተናው ሐቀኛ ይሆናል።

ግማሹ ሰዓት

አሁን ሁሉንም በሠላሳ ደቂቃ እናሳድረው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ለባዶው ወረቀት፦ አንድ ርባታ፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ። ቀጥሎ ስምንት ደቂቃ ለሣጥኑ። አሥራ ሁለት ደቂቃ በድምፅ ለማንበብና ከድኖ ለመተረክ። የመጨረሻው አምስት ደቂቃ የትናንቱን ሦስት ዓረፍተ ነገር ወደ ላቲን ለመመለስ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲስ ነገር አይጨመርም፤ የወሩ ምዕራፎች እንደ ተረት ይነበባሉ።

ቦታውና ሰዓቱ ባይለዋወጥ ይመረጣል፤ ከእራት በኋላ፣ ልጆቹ የቤት ሥራ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ጠያቂ አይጠፋም። የአሥር ዓመት ልጅ ላቲን ባያውቅም ካርዱን ይዞ «ለንጉሥ?» ማለት ይችላል፣ አባቱ ሲሳሳትም በደስታ ያጋልጠዋል።

የሚያመልጥ ቀን ይኖራል። ለቅሶ አለ፣ የሒሳብ መዝጊያ ወር አለ። ያመለጠውን በማግስቱ በእጥፍ ለመክፈል መሞከር ግን ሰውን ከጠረጴዛው ያሸሻል፤ ዕዳው ሲቆለል ባለዕዳው ይጠፋል። በኤቢንግሃውስም ሙከራ ያየነው ይህንኑ ነው፤ የተጨናነቀው ድግግሞሽ ብዙ በልቶ ጥቂት ይሰጣል። ያመለጠ ቀን እንዳመለጠ ይቅር፤ ዛሬ አምስት ደቂቃ ብቻ ከተገኘች ለባዶው ወረቀት ትሰጥ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሒሳብ ሠራተኛው ዲልማንን ይከፍታል። በአንድ ዓመት ሁሉንም አያነብም። ግን «ንጉሥ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ሲደርስ «ሬክስ» ተጽፎ ያገኛል፤ ከቀይ እስክሪብቶው ወራት ጀምሮ የሚያውቀውን ሰው። ከዚያ ቀጥሎ የማያውቀው ቃል ይመጣል፣ ከዚያም የሚያውቀው ጅራት ያለው ሌላ የማያውቀው ቃል። ጅራቱን ይዞ «ይሄ ተሳቢ ነው» ይላል፤ ትርጉሙን ገና ሳያውቀው ሥራውን አውቆታል። አዲስ ካርድ ያወጣል። ላቲኑን በአንድ ፊት፣ አማርኛውን በጀርባው ይጽፋል፤ ትልቁንም መጽሐፍ ይከድነዋል።